የጀልባው ስኮርታ

ጡረታ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። ጎሚስታ የሚሠራው ተንበርክኮ ነው፤ ተንበርክኮ መነሣት ያቃተው ጎሚስታ ደግሞ መንገድ ዘግቶ ከቆመ መኪና አይሻልም። ባለፈው ክረምት አንድ ባለሚኒባስ በብብቴ ይዞ ከመኪናው ሥር ሲያነሣኝ፣ በቃኝ አልኩ። ልጆቼ "እንኳን ደስ አለህ" አሉኝ። ምኑ ደስ እንደሚል አልገባኝም። ዕድሜ ልኬን የሰው ጎማ ስነፋ ኖሬ፣ ዛሬ ደረጃ ስወጣ የምተነፍሰው እኔ ነኝ።

ስለ ሥራዬ ላውራ ብል ብዙ አለኝ። የሚከነክነኝ ግን አንድ ጎማ ነው። እሱም አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ሳይሽከረከር ያረጀ ጎማ ነው። ስለ እሱ ለማውራት ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ንፋስ ስልክ፣ በአንድ የመንግሥት የጭነት መኪና ድርጅት የጎማ ክፍል ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ወረቀት ካልተፈረመ አንዲት ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ እንኳ፣ የማያስነካ ሰው ነበር፤ መኪናው ደጅ ላይ ተነፍሶ ቆሞ እኛ ፊርማ ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ እንዞራለን። እሱ ሲዛወር አቶ ጌታሁን መጡ። አቶ ጌታሁን ጎማ ነክተው አያውቁም፤ ግን ለሠራተኛው ያስቡ ነበር። እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠገባችን ይቆሙና "ልጆች፣ ጣታችሁን ጠብቁ" ብለው ይሄዳሉ። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ስለ ጣታችን ያነሣው እሳቸው ብቻ ናቸው።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት እንደቆየ ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ። እኔም አቶ ጌታሁንም ባንድ ቀን ወጣን። የተሰጠኝ ገንዘብ ላፍቶ ለሠራኋት ቤት ቆርቆሮ ሆኖ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሥራ የሰጡኝ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ጎማ ቤት የነበራቸው ጋሽ ሙዘይን ናቸው። የስልጤ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ሰፊ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ። "የመንግሥት ቤት ጎሚስታ ሰዓት ያያል፤ እኔ ጋ ጎማ ነው የሚታየው" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ጎማ የማውቅ መስሎኝ ነበር የገባሁት። ሳያቸው ለካ እስከዚያ ድረስ የማውቀው መፍታትና ማሰር ነበር።

ጋሽ ሙዘይን ደንበኛ ሲመጣ "ወዴት ነህ?" ብለው አይጠይቁም። "ምን ትጭናለህ?" ነው የሚሉት። ሰውየው መልስ ካልሰጠ ክሪኩን አያነሡም። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው የጎማውን ጎን ይጫኑታል፣ ያጥፉታል፣ ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ጥርሱን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። "ጎማ ሁለት ዓይነት አሟሟት አለው" ይሉኝ ነበር። "አንዱን መንገድ ይበላዋል። እሱ ግልጽ ነው፤ ጥርሱ ያልቃል፣ ታያለህ። ሌላው ቆሞ ይሞታል። ፀሐይ ነው የሚገድለው። ሰው የሚያጠፋው እሱ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ነዋ!"

ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ ሁለቱም ደንበኛ ያናድዳሉ። አንደኛው፣ ስኮርታ የምንለውን ተቀያሪ ጎማ ዝም ብለው አይሸጡም። እዚያው በራቸው ላይ መኪናውን አስነሥተው፣ ስኮርታውን አስረው፣ መሬት አስረግጠው፣ ከሌላው ጎማ ጋር ቁመቱን በሲባጎ ለክተው ነው የሚያስረክቡት። እኛ ሰፈር ስኮርታ ማለት ከአምስቱ የከፋው ጎማ ነው፤ የደከመው ጎማ ከእግር ወርዶ ወደ ኋላ ይጣላል። እሳቸው ግን "ስኮርታ የሚታሰረው በክፉ ቀን ነው። በክፉ ቀን ደካማ ታስራለህ?" እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ሁለተኛው ልማዳቸው፣ የማይረባ ብለው የፈረዱበትን ጎማ ሙሉውን ከቤታቸው አያስወጡም። በብረት መጋዝ ለሁለት ቆርጠው ለበረባሶ ሠሪ ይሰጡታል። ያልተቆረጠ ጎማ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሌላ ሰው መኪና ላይ እንደሚመለስ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ።

መስፍን ታናሼ ነው። ምጽዋ መርከብ ላይ የሚያገለግል ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን ስንት አገር ዞሮ፣ ከስቶ ጠቁሮ እኔ ቤት መጣ። መርከቡም ወደቡም እዚያው ቀሩ። ላፍቶ ውስጥ መርከበኛ ምን ይሠራል? ሥራ ሊጠይቅ ይሄድና "ምን ትችላለህ?" ሲሉት "ውኃ" ብሎ ይመለሳል። የሰፈሩ ሰው "ካፒቴን" ይለው ነበር። መጀመሪያ በፍቅር ነው፤ ዓመት ሲያልፍ ግን ስሙ መሳለቂያ ሆነ። ክረምት ሲመጣ ከበረንዳው ላይ ተቀምጦ የጎርፉን ውኃ ሲያይ ይውላል። ባለቤቴ "ይሄ ልጅ ቁጭ ብሎ እያለቀ ነው፤ አንድ ነገር አድርግ እንጂ" ትለኛለች። ምን ላድርግ? ጎማ ቤት ወስጄው ነበር፤ ጎበዝ እጅ አለው፣ ግን ልቡ የለም።

ከዚያ አንድ ቀን አቶ ጌታሁን ጎማ ቤት ድረስ መጡ። ከሥራ ሲቀነሱ የተሰጣቸውን ገንዘብ ሳይነኩ አስቀምጠው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ንብረቶችን ሲሸጥ ጀልባ ገዝተውበታል። ጀልባ! ነጭ የፋይበር ጀልባ፣ ከነሞተሩ፣ ባለ ሁለት እግር ተጎታች ላይ የተቀመጠ። ዓመታት ግቢ ውስጥ ቆሞ ወፍ የተጸዳዳበት ነው። ሐሳባቸው ዝዋይ ወስደው ወደ ደሴቶቹ ሰው ማመላለስ፣ ዓሣ መግዛትና መሸጥ ነበር። "ታምሩ፣ ወንድምህ ውኃ ያውቃል አይደል? እኔ መዋኘት እንኳ አልችልም" አሉኝ።

ማታ ለመስፍን ነገርኩት። ተነሥቶ ወጣ። ጠዋት አቶ ጌታሁን ሲነሡ፣ ግቢያቸው ገብቶ ጀልባውን በብሩሽ ሲያጥብ አገኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ያ ልጅ ሲያፏጭ የሰማሁት ያኔ ነው። ራት ላይ ስለ ገመድ አተሳሰር ያስረዳናል፣ ልጆቼን በነጠላ ጫፍ ቋጠሮ ያስተምራቸዋል። እኔ በሆዴ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ጀልባ ዝዋይ ካልደረሰ ወንድሜ ተመልሶ እዚያ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለተኛም አይነሣም።

ጀልባውን በአቶ ጌታሁን ፒካፕ እየጎተቱ ጋሽ ሙዘይን ጋ አመጡት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዷ ሴትዮ አማተበች። ጋሽ ሙዘይን ተጎታቹን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ከዚያ የተለመደውን ጠየቁ።

"ምን ትጭናላችሁ?"

"ጀልባውን ነዋ" አሉ አቶ ጌታሁን እየሳቁ።

"ጀልባው ብቻ?"

"ጀልባ ላይ ምን ይጫናል?"

ጋሽ ሙዘይን ጀልባውን ከዳር ገፋ አድርገው ክብደቱን ሞከሩ፤ ወደ ውስጥም ተንጠራርተው አዩ። ባዶ ነበር። ከዚያ በርከክ ብለው ጎማዎቹን በአውራ ጣታቸው ያዙ። ሁለቱ እግር ላይ ያሉት፣ አንዱ ደግሞ ስኮርታው፤ ሦስቱም ጥርሳቸው እንደ አዲስ ነው። ሦስቱም ጎናቸው ሲታጠፍ በበጋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሦስቱም ቆመው ሞተዋል።

አቶ ጌታሁን ሁለቱን ለመቀየር ወዲያው ተስማሙ። ጭቅጭቁ የተነሣው በስኮርታው ላይ ነው። "ከእነዚህ የተሻለውን ለስኮርታ እንያዘው እንጂ! መታሰሩንስ ማን ያውቃል?" አሉ። ጋሽ ሙዘይን ወደ ውስጥ ገቡ። መጋዛቸውን አመጡና ሦስቱንም እዚያው ቆረጧቸው። አቶ ጌታሁን ፊታቸው ደም መሰለ፤ መስፍን ግን ሳቁን መያዝ አልቻለም። "የእኛም ካፒቴን እንዲህ ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ። "የተበጠሰ ገመድ ካየ ወደ ባሕር ይወረውራል።"

የተጎታች ጎማ ላዩ ቀላል ይመስላል። ትንሽ ነዋ፤ የትንሽ መኪና ጎማ ይገጥመዋል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቤት መኪና ጎማ ጎኑ ለስላሳ ነው፤ ተሳፋሪ እንዲመቸው ተብሎ የተሠራ ነው። ተጎታች ላይ ሲታሰር ይወላወላል፣ ይሞቃል። ጋሽ ሙዘይን የፈለጉት ልኩ ያው ሆኖ ለጭነት የተሠራውን፣ ጎኑ ድርብርብ የሆነውን የሚኒባስ ዓይነት ነበር። ቁመቱም ከሌሎቹ እኩል መሆን አለበት። ስኮርታው ካጠረ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘምማል፤ ክብደቱን አንዱ ጎማ ብቻውን ይሸከማል። በዚያ ላይ የስኮርታው ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት፣ የብሎኑ ቀዳዳዎች ዙሪያ ዝገት በልቶታል። ቀዳዳው ደግሞ አምስት ነው፤ ከተማው ውስጥ ያሉት ትንንሽ መኪኖች ባብዛኛው አራት ናቸው።

ቸርኬ ፍለጋ እኔና መስፍን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። መስፍን ካርቶን ቆርጦ የአምስቱን ቀዳዳ ልክ በእርሳስ አንሥቶበታል። ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው ሰውዬ ካርቶኑን አገላብጦ አየው።

"ይሄ ምንድነው? የሽሮ ድስት ማስቀመጫ?"

"የጀልባ ጎማ" አለ መስፍን ኮስተር ብሎ።

"ጀልባም በጎማ መሄድ ጀመረ?"

"ውኃው እስኪመጣ ነው።"

ሰውዬው ስቆ ሞተ፤ ቸርኬውንም ከክምሩ ሥር ፈልጎ አወጣልን። ስንመለስ መስፍን ቸርኬውን ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የተቀመጠው። እንዲያ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አላየሁትም።

ሦስቱ ጎማዎች አዲስ ነበሩ፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ። አዲስ ጎማ ጥርሱ ላይ ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር አለው፤ ጥቂት መንገድ ሲሄድ ይረግፋል። ጋሽ ሙዘይን ስኮርታውን በግራም በቀኝም አሰሩት፣ አስረገጡት፣ በሲባጎ ለኩት። የአየር መግቢያውን ምራቅ ቀብተው አረፋ እንደማያወጣ አዩ። መስፍንን ራሱን አስፈትተው አሳሰሩት። "መንገድ ላይ እኔ የለሁም" አሉት። ሁሉም ልክ ነበር። ይህን የምለው ራሳችንን ለማጽደቅ አይደለም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ በጥንቃቄ የተመረጠ ስኮርታ ስላላየሁ ነው።

የቀረው ማስቀመጫው ነበር። ተጎታቹ ፊት ላይ ስኮርታው የሚታሰርበት ብረት ተገንጥሎ ወድቋል። አጎራባቻችን በያጅ ነው፤ አዲስ ብረት ቆርጦ አዘጋጀ። ሊበይድ መሣሪያውን ሲያነሣ መብራት ጠፋ። ጠበቅን። ምሳ በላን፣ ጠበቅን። አልመጣም።

"ነገ ይደርሳል" አሉ ጋሽ ሙዘይን።

"ነገማ ማለዳ መነሣት አለብን። ዝዋይ ሰው ቀጥሬያለሁ፤ ቤት የሚያከራየን ሰው ለሌላ ሊሰጥብን ነው" አሉ አቶ ጌታሁን።

መስፍን ያን ጊዜ ተናገረ። "ጋሼ፣ ጀልባው ውስጥ እናስቀምጠው? ባዶ አይደል?"

ጋሽ ሙዘይን አሰቡ። ሲያስቡ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያሻሉ፤ ለረጅም ጊዜ አሹ። ከዚያ ስኮርታውን ራሳቸው አንሥተው ጀልባው ወለል ላይ አጋደሙት፣ እንዳይንሸራተት በገመድ አሰሩት። እጃቸውን ሰድደው ሞከሩ፤ ከውጭ ቆሞ ይደረስበታል። "እጅ ይደርስበታል፤ ይሁን" አሉ። መስፍን ጉንጫቸውን ሳማቸው። "ዝዋይ ይምጡ፤ በነጻ ነው የማሻግርዎ" አላቸው። "እኔ? ውኃ ላይ? ወላሂ አላደርገውም" ብለው ሳቁ። የዚያን ሳቅ ድምፅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ከጎናችን ያለው ሱቅ ስልክ ጮኸና ጋሽ ሙዘይንን ጠሯቸው። ሲመለሱ ኮፍያቸው እጃቸው ላይ ነው። "ታምሩ፣ ሱቁን ዝጋ" አሉኝ። ጋሽ ሙዘይን በቀን ሱቅ ዘግተው አያውቁም። ምን ሆነ ብዬ ሳልጠይቅ በሩን ዘጋሁ።

የሆነውን የሰማሁት ቆይቶ፣ ከአቶ ጌታሁን አፍ ነው። ጀልባው ማታ ላፍቶ፣ አቶ ጌታሁን በር ላይ ሲቆም የሰፈሩ ሰው ሁሉ አየው። ባዶ ዕቃ ዝዋይ ድረስ ሊሄድ ነው! ማን እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ ያያል? መጀመሪያ አቶ ጌታሁን ራሳቸው፣ ሐይቁ ዳር ለሚሠሯት መጋዘን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጫኑ። "እዚያ ውድ ነው፤ በዚያ ላይ ባዶ እኮ ነው።" ጎረቤት ዝዋይ ላለች እህቱ አልጋና ፍራሽ አመጣ። ሌላው የእህል ወፍጮ ዕቃ። ሌላዋ እዚያው ለዘመዶቿ የምትልከው ሁለት ጆንያ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ባዶ ይዘህ እየሄድክ እምቢ ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ቆርቆሮውን ከላይ ከድነው በገመድ ጠፍረው አሰሩት። ያንን ቋጠሮ ያሰረው መስፍን ነው። ጥሩ ቋጠሮ ነበር አሉኝ፤ አልፈታም ብሎ ነው በቢላ የተቆረጠው።

መቂን አለፍ ብለው የተጎታቹ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ምስማር ነው፤ ምስማር አዲስ አሮጌ አይመርጥም። ስኮርታው አለ። አዲስ፣ ልኩ የተለካ፣ የተሞከረ። ግን ከሲሚንቶው ሥር ነው፤ ከአልጋው ሥር፣ ከቆርቆሮው ሥር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሁለት ሰው ናቸው፤ አንደኛው በዕድሜ የገፉ። ያን ሁሉ አውርዶ እንደገና ማን ይጭነዋል? ይህን ሲመካከሩ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሊረዳቸው ቆመ። ሰውየው ደግ ነው፤ የሚያውቀውን ነው የመከራቸው። "ዝዋይ እዚህ ነው። ጭድ ጠቅጥቁበትና ቀስ እያላችሁ ሂዱ" አላቸው። የድሮ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ አየር የሌለውን ጎማ በሣር ወይ በጭድ ሞልቶ እስከሚደርስበት መንዳት። ባዶ መኪና ላይ ይሠራል። ከማሳው ዳር የጤፍ ጭድ አመጡ፣ ጎማውን ፈልቅቀው ጠቀጠቁ፣ መልሰው አሰሩ።

ጭድ ግን ይሞቃል፤ ጢስ ሲያወጣ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። መስፍን "እኔ አያለሁ፤ የጎሚስታ ወንድም አይደለሁ?" ብሎ ጀልባው ላይ ወጣ። ከጎማው በላይ፣ ከጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጢስ ካየ የፒካፑን ጣሪያ በረጅም እንጨት ሊመታ ነው ስምምነቱ። አቶ ጌታሁን በመስታወት ሲያዩት እጁን እያውለበለበ ነበር። እንጨቱን ሲመታ ሰምተዋል። ፍሬን ያዙ። ጭዱ አልቆ፣ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ፣ ተጎታቹ ወደ ጎን ተጋደመ። ሲሚንቶው ወንድሜ ላይ ወረደ።

ዝዋይን አላያትም። ሐይቁ ከዚያ ቦታ አይታይም፤ ኋላ ሄጄ አረጋግጫለሁ። ይህ ለምን እንደሚቆጨኝ አላውቅም፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በለቅሶው ድንኳን ጋሽ ሙዘይን ሦስቱንም ቀን ከጥግ ተቀምጠው ዋሉ።  አቶ ጌታሁን ትከሻቸውን በፋሻ አስረው ሲመጡ ተነሥቼ ወጣሁ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሰውየውን እጠላቸው ነበር፤ ጊዜ አልፎም የጠላኋቸው በሲሚንቶው ይሁን ወይ በሕይወት በመመለሳቸው፣ ለይቼ አላወቅኩትም።

አርባው ወጥቶ ጥቂት እንደቆየ አቶ ጌታሁን ጎማ ቤት መጡ። ጎማ በእጃቸው እያንከባለሉ ነው፤ በዕድሜያቸው ጎማ ሲነኩ ያየሁት ያኔ ነው። ስኮርታው ነው። ፀጉሩ አልረገፈም፤ የሲሚንቶ ዱቄት ብቻ ለብሷል።

"እኔ ቤት ሊቀመጥ አይችልም" አሉ።

ጋሽ ሙዘይን ተነሥተው አዩት። "የት ነበር?"

"ያስቀመጡበት ነው የነበረው። ገመዱም አልተፈታም።"

ጋሽ ሙዘይን ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ታምሩ፣ ጎማው ልክ ነበር?"

"ልክ ነበር ጋሼ።"

"ቁመቱ?"

"ልክ ነበር።"

"ታዲያ የቱ ጋ ነው የሳትነው?"

 መልሱን ሦስታችንም እናውቀዋለን። ስለ ጎማው ያልተጠየቀ ነገር የለም፤ ባዶው ጀልባ ባዶ ሆኖ ይቀር እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። እዚህ አገር ባዶ ሆኖ የሚያድር ዕቃ እንደሌለ፣ እኛ፣ ዕድሜ ልካችንን ጭነት ስናይ የኖርን ሰዎች፣ ረሳነው። ጋሽ ሙዘይንን አልወቀስኳቸውም። አላጽናናኋቸውምም።

ጎማውን ከቸርኬው አውልቀው መጋዙን አመጡ። ስኮርታው ላይ አስቀመጡት። ቆዩ፣ ቆዩና መልሰው አነሡት። "ጥፋት የሌለበትን ጎማ አልቆርጥም" አሉ። ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ምን ትጭናለህ?" ብለው ሲጨርሱ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነበራቸው፤ "ስኮርታውን የት ታስቀምጠዋለህ?" ደንበኛው አፉን ሞልቶ ካልመለሰ ዕቃውን ያስወርዱታል። ደንበኛ ሸሸ። ሳቃቸውም እያነሰ ሄደ። ከእኔ ጋር ሲሠሩ ቀና ብለው አያዩኝም፤ መፍቻ ሲያቀብሉኝ እንኳ ወደ ጎን እያዩ ነው። ዓመታት እንዲያ ሠራን። ሲታመሙ መሣሪያዎቻቸውን ሰጡኝ። "እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውንም" አሉ።

ለቡ ሱቅ ስከፍት እኔም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከተማው በላያችን ሄደ፤ እርሻ የነበረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሆነ፣ ሚኒባሱ በዛ፣ ጎማ የሚፈታ ማሽን መጣ። ጎማው እዚያው ነው። ብዙ ሰው ሽጥልኝ ብሎኛል።

ሱቁን በዘጋሁበት ቀን የመጨረሻው ደንበኛዬ ዕቃ ጭኖ ጀሞ ቤት የሚገባ ባለፒካፕ ነበር። ቁም ሣጥን፣ ፍሪጅ፣ ጆንያዎች፣ ፍራሽ፣ ከላይ ሁለት ወንበር ተገልብጦ። አንዱ ጎማው ተነፍሷል። እያቃሰትኩ ፈታሁለት፣ ቀዳዳውን ደፈንኩት። መልሼ ሳላስር ሰውዬው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጎማ አየ።

"ፋዘር፣ ያቺን ሽጥልኝ። ለስኮርታ።"

"ስኮርታ የለህም?"

"አለኝ። ግን ከዕቃው ሥር ነው፤ ማን ያወርደዋል? ያቺን ከላይ ጣል አደርጋታለሁ። አዲስ ናት እኮ፣ ፀጉሯ አልረገፈም!"

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። አውራ ጣቴን በጨርቅ ጠረግኩና ጎኑን ጫንኩት። ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ፀጉሩም አለ፤ ግን ቆሞ ሞቷል። አሁን ጥፋት አለበት። የጋሽ ሙዘይንን መጋዝ አነሣሁ። ሰውዬው "ኧረ ፋዘር፣ ምን ነካህ!" እያለ ሲጮህ ቆረጥኩት። ሽቦው ጋ ስደርስ አረፍ ብዬ ጨረስኩት።

"በል ዕቃህን አውርድ" አልኩት።

"ሁሉንም?"

"ስኮርታህ እስኪታይ።"

"አብደሃል እንዴ? ጎማዬን እሰርልኝና ልሂድ!"

"ጎማህን የማስረው ስኮርታህን ሳየው ነው።"

ተሳደበ። ስልክ ደወለ፤ ለሚስቱ ይመስለኛል፣ አንድ ያበደ ሽማግሌ ይዞኛል አላት። እኔ ጎማውን ከጎኔ አድርጌ፣ በቆረጥኩት ስኮርታ ግማሽ ላይ ተቀመጥኩ። ሲሰለቸው ወንበሮቹን አወረደ። ከዚያ ፍራሹን። ፍሪጁን ብቻውን ስላልቻለው ተነሥቼ በአንድ ጎን ያዝኩለት፤ ጉልበቴ ጮኸ፣ ግን ያዝኩ። የመጨረሻው ጆንያ ሲነሣ ጎማው ከሥር ታየ። ከውጭ ቆሜ እጄን ሰደድኩ፤ ደረሰልኝ።